ለንደን በደብዳቤ፣ ድሬ በመዝጋት

ለንደን ላይ የመንግሥት የኢንተርኔት ቁጥጥር እንኳ ጨዋ ነው፤ በደብዳቤ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የእንግሊዝ መንግሥት አፕልን፣ ደንበኞች ክላውድ (የኢንተርኔት ማከማቻ) ላይ ያስቀመጡትን የተመሰጠረ፣ ማለትም ሌላ ሰው እንዳያነበው የተቆለፈ መረጃ የማነብበት መንገድ ክፈትልኝ ብሎ በምስጢር እንዳዘዘው ተሰማ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሕግ ኩባንያው መታዘዙን እንኳ እንዳያወራ ይከለክላል። አፕል መንገዱን ከመክፈት ያንን ጠንካራ ጥበቃ ለእንግሊዝ ደንበኞች ማቅረቡን አቆመ። ተጎጂው ማን ሆነ? የልጆቹን ፎቶ የሚያስቀምጠው የኔ ቢጤ። የሚደብቀው ያለበት ሰውማ ሌላ መተግበሪያ አውርዶ ይቀጥላል።

ድሬ ደብዳቤ የለም። ይዘጋል፣ አለቀ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔቱ በአገር ደረጃ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት ታገዱ።

ያኔ ድሬ ነበርኩ። ታይዋን ገበያ አንድ ስልክ ጠጋኝ ጠረጴዛ ላይ ስልክ ተደርድሯል። አንዲት እናት ሳዑዲ ያለች ልጃቸውን በቴሌግራም ማግኘት አቅቷቸው መጡ። «አቦ አምጪው፣ ቪፒኤን ልጫንልሽ!» አላቸው ጠጋኙ ልጅ፤ እገዳን አልፎ የሚያስገባውን መተግበሪያ ማለቱ ነው። (ድሬ አንቱታ አታውቅም፤ የናፈቀኝም እሱ ነው።) ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የመንግሥት እገዳ በሻይ ዋጋ ተሻረ።

እኔን ያሳሰበኝ ግን የተጫነው ነው። ነፃ ቪፒኤን፣ ባለቤቱ አይታወቅም፤ የት የት ገጽ እንደሚገቡ ግን ያያል። ቴሌግራምም ቢሆን «ሚስጥራዊ ቻት» ካልተከፈተ መልእክቱን ኩባንያው ራሱ መክፈት ይችላል። እገዳው እኚህን እናት ከማያውቁት እጅ ላይ ጣላቸው።

ለመንግሥት ብቻ ተብሎ የሚከፈት በር ደግሞ ለመንግሥት ብቻ ሆኖ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2024 የቻይና ሰርጎ ገቦች የአሜሪካ ስልክ ኩባንያዎች ውስጥ ገብተው፣ መንግሥት በሕግ ፈቃድ ስልክ እንዲጠልፍ የተሠራውን ሥርዓት ሳይቀር ነክተዋል። ያኔ የአሜሪካ ባለሥልጣናት ራሳቸው የተመሰጠረ መልእክት ተጠቀሙ ብለው መከሩ! እኛ ጋ ግን በ2006 ዓ.ም. ዞን 9 በተባሉት የኢንተርኔት ጸሐፊዎች (ጦማሪያን) ክስ ላይ የምስጠራ ሥልጠና እንደ ጥፋት ተቆጥሮ ነበር።

በተጠረጠረ ሰው ላይ ሕግ አቅም የለውም አልልም። እንግሊዝ ውስጥ በሕጋዊ ትእዛዝ የይለፍ ቃል ተጠይቆ እምቢ ያለ እስከ 2 ዓመት፣ በብሔራዊ ደኅንነት ጉዳይ እስከ 5 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ይከብዳል፤ ግን የሚነካው አንድ ሰው ነው፣ ሰፈሩን ሁሉ አይደለም።

ለጠጋኙ ልጅ የነፃ ቪፒኤኑን ጣጣ ላስረዳው ሞከርኩ። «አቦ አታካብድ! መጀመሪያ ልጇን ታግኛት» አለኝና ቀጣዩን ስልክ አነሳ።