ቫኒላ የተቀባ ካልሲ

ዛሬ ምስጋና ላቀርብ ነው። የሚገባውም ለመኪና ሽቶ ሰቃዮች ነው። ኤሲው ሲከፈት የእርጥብ ካልሲ ሽታ ፊታቸውን እየመታቸው፣ ጋራዥ መሄድን ንቀው ሽቶ ለሚያንጠለጥሉ ጀግኖች።

ሌላው ሰው ቤቱ ሲገማ የገማውን ፈልጎ ያወጣል። አይጥ ነው? የተረሳ ድስት ነው? እያለ ሶፋ ያንቀሳቅሳል። እነሱ እንዲህ ያለ ተራ ሥራ ውስጥ አይገቡም። መብራት ላይ መስኮታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ከአዟሪው ልጅ አንድ ሽቶ ይገዛሉ፣ መስታወቱ ላይ ይሰቅላሉ። አለቀ።

ጎረቤቴ የዚህ ጥበብ ሊቅ ነው። የሜትር ታክሲ ይሠራል። መስታወቱ ላይ የሎሚ ሽታ ያላት የጥድ ቅርጽ ካርቶን አለች። ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) ላይ የዘውድ ቅርጽ ያለው ወርቃማ ጠርሙስ ተቀምጧል። ኤሲው አፍ ላይ እንጆሪ፣ ከመቀመጫው ሥር ቫኒላ። አንድ ቀን ከሃያ ሁለት እስከ ሲኤምሲ ወሰደኝ። ኤሲውን ሲከፍተው አራቱም ሽቶዎች ከካልሲው ጋር ተሰልፈው መጡ። እርጥብ ምድር ቤት ውስጥ የልደት ኬክ የተቆረሰ መሰለኝ።

በነገራችን ላይ የጥዷ ካርቶን ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1952 አሜሪካ፣ ኒውዮርክ ግዛት፣ ዋተርታውን ከተማ ውስጥ ጁሊየስ ሳማን የተባለ ኬሚስት ነው የፈጠራት። አንድ ወተት አመላላሽ ሹፌር የፈሰሰ ወተት ሽታ አስመርሮት እንደነበር ይነገራል። ልብ በሉ፣ ማጠብም አንድ መንገድ ነበር።

ይህን ሁሉ ክብር ሊነጥቀን የተነሳ አንድ ወጣት መካኒክ አለ። ጎረቤቴ ለሌላ ነገር ጋራዥ ሄዶ ሳለ፣ ልጁ አሸተተና ሳይጠይቁት ማስተማር ጀመረ።

«ጋሼ፣ ኤሲ አየሩን ሲያቀዘቅዝ ከክሩስኮቱ ጀርባ ያለው ኢቫፖሬተር፣ አየሩን የሚያቀዘቅዘው ዕቃ፣ ያልበዋል» አለው፣ «ቀዝቃዛ የቢራ ጠርሙስ እንደሚያልበው። ውሃው በቀጭን ቱቦ ወደ መሬት ይንጠባጠባል። ቱቦው በአቧራና በቅጠል ከተደፈነ ውሃው እዚያው ይቀራል፣ ይሻግታል። የሚሸትህ ሻጋታው ነው።»

ቀጥሎ ምክር አከለበት። መድረሻህ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ኤሲውን አጥፋ፣ ፋኑን ግን ተወው፤ እርጥበቱን ያድርቀው። እንዴት ያለ ድፍረት ነው! ገንዘብ የማያስወጣ መፍትሔ ለሹፌር ይነገራል?

ይባስ ብሎ ከተሳፋሪው ጉልበት ፊት ያለችውን መሳቢያ ነቀለና ከኋላዋ የአየር ማጣሪያውን ፊልትሮ መዘዘ። ነጭ መሆን የነበረበት ነገር አሮጌ ግራጫ ሹራብ መስሎ ወጣ። የኮሪደር ልማቱ አቧራ አለ። የጃካራንዳ አበባ አለ። የአንድ ነፍሳት አስከሬንም አለ። በየ15,000 ወይም በየ20,000 ኪሎ ሜትሩ፣ አቧራ በበዛበት ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ይቀየራል፣ አለው። ጎረቤቴ ፊልትሮውን ተቀብሎ አገላበጠና ወደ ቦታው መለሰው።

«ከፋብሪካ ጋር የመጣ ነው። ኦሪጂናል ይጣላል እንዴ?»

አጨበጨብኩለት።

ደግሞ «መስኮት ክፈቱ» የሚሉ አሉ። እኛ እኮ ከሻጋታ ይልቅ ንፋስን የምንፈራ ሰዎች ነን። ታክሲ ውስጥ አሥራ አምስት ሰው ተጠጋግቶ ሲተነፍስ ማንም አይታመምም። አንድ ጣት የምታክል ክፍተት ስትገኝ ግን «ኧረ ዝጉት፣ ምች ሊመታን ነው!» ይባላል። ጎረቤቴም የውጭ አየር የሚዘጋውን ቁልፍ ተጭኖ ከሽቶዎቹ ጋር ያንኑ አየር ሲያዞረው ይውላል። ምንም አይባክንም።

አፍንጫቸውን የሚያምኑ ሰዎች ደግሞ ኑሯቸው ያሳዝናል። ሽታ ይለያሉ። እንደ ሽሮፕ ጣፋጭ ነገር ከሸተተ፣ መስታወቱም በውስጥ በኩል ጉም ከለበሰ፣ ከተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ምንጣፍም ከረጠበ፣ የማሞቂያው ትንሿ ራዲያተር ኩላንት፣ የሞተር ማቀዝቀዣውን ፈሳሽ፣ እያፈሰሰች ነው ብለው ይጨነቃሉ። የተቃጠለ ዘይት ሲሸታቸው ኮፈን ከፍተው ያረጀ ጓርኒሲዮን፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገውን፣ ይፈልጋሉ። ቤንዚን ከሸተታቸው መኪናውን እዚያው ያቆማሉ። እኛ ግን ነፃ ነን። ጎረቤቴን ባለፈው ክረምት ጣፋጭ ጣፋጭ ሲሸተው «አየህ፣ እንጆሪዋ ሥራ ጀመረች!» ብሎ ነበር። ራዲያተሩ ውሃ ሲጨርስ ሞተሩ ጎሮ ላይ ፈላ።

የጭስ ነገርም አለ። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ተቀዶ ጭስ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ በራሱ አይሸትም። የሚያስጠነቅቀን አብሮት የሚመጣው የጭሱ ሽታ ነው። ምስጋና ለቫኒላ፣ ይህንንም ወሬኛ አፉን ይዛዋለች።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ክህደት ተፈጸመ። ጎረቤቴ ለቅሶ በሄደበት ባለቤቱ መኪናውን ለዚያ ወጣት ወሰደችለት። ልጁ ቱቦውን ከፈተ፣ ኢቫፖሬተሩን በማጽጃ አጠበ፣ አዲስ ፊልትሮ ገጠመ፣ ሽቶዎቹን ሁሉ ሰብስቦ በፌስታል ሰጣት።

ሰኞ ጠዋት ጎረቤቴ ኤሲውን ከፈተ። አሸተተ። አፍንጫውን አስጠግቶ ደግሞ አሸተተ። ፊቱ ጠቆረ።

«ምንም አይሸትም» አለኝ። «ይሄ ኤሲ ተበላሸ መሰለኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሳየው ክሩስኮቱ ላይ ከበፊቱ የሚበልጥ ዘውድ ተቀምጧል። አሮጌው ፊልትሮም አልተጣለም። ከኋላ፣ ከስኮርት ጎማው አጠገብ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ኦሪጂናል ነዋ።