መጥረጊያው ይቆይ፤ መጀመሪያ ድሩን እንይ

ጠዋት አንገት ወይም ክንድ ላይ እንደ እሳት የሚያቃጥል፣ ውሃ የቋጠረ ቁስል ሲወጣ የመጀመሪያዋ ተከሳሽ ሸረሪት ናት። «ሸረሪት ሸናብኝ» ይባላል። ሸረሪት ግን ቆዳ ላይ ሸንታ እንዲህ ያለ ቁስል አታወጣም። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው በእንቅልፍ ልብ የተጨፈለቀ፣ ጥቁርና ብርቱካንማ ቀለም ያለው፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ጥንዚዛ ነው። በሰውነቱ ፈሳሽ ውስጥ ያለው መርዝ ቆዳን ያቆስላል፤ ምልክቱም ከ1 እስከ 2 ቀን ዘግይቶ ይታያል። ቁስሉ በአንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት ከዞረና ከውስጥ የሚወጋ ሕመም ካለው ደግሞ አልማዝ ባለጭራ ሊሆን ስለሚችል፣ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

በዚህ የሐሰት ክስ ምክንያት ግን የጓሮ ሸረሪት በመጥረጊያና በመርጫ ታልቃለች። ይህ ስህተት ነው፤ ኪሳራውም የሚያርፈው በአትክልቱ ላይ ነው።

ሸረሪትን በቀለሟ ለመለየት መሞከር ያሳስታል። ቀለም በዕድሜና በፆታ ይለያያል፤ አበባ ላይ ከሚያደቡት አንዳንዶቹ እንዲያውም በቀናት ውስጥ ከነጭ ወደ ቢጫ ይለወጣሉ። የሚሻለው ድሩንና ቦታውን ማየት ነው።

በሁለት ተክሎች መካከል እንደ ጋሪ ጎማ ክብ ሆኖ የተዘረጋ ድር ካለ፣ ባለቤቷ ለሰው አትከፋም። ከእነዚህ መካከል ሰውን የምታስደነግጠው ትልቅ፣ ሆዷ ቢጫና ብርማ መስመር ያለው፣ መሐል ላይ ራሷን ቁልቁል ዘቅዝቃ እግሮቿን በጥንድ በጥንድ ገጥማ የምትቀመጠው ናት። ድሯ ላይ ነጭ ወፍራም ዚግዛግ ይታያል። በእጅ ካልጨመቋት በቀር አትነክስም። ድሩ መተላለፊያ ላይ ከሆነ በየቀኑ መበጠስ አይበጅም፤ ድር የሚሠራው ከፕሮቲን ስለሆነ ሳትበላ ደጋግማ ስትሠራ ትዳከማለች። አንድ ጊዜ ድሩን ከነሸረሪቷ በእንጨት ጠቅልሎ ጥቂት ሜትር ራቅ ወዳለ ቁጥቋጦ ማዛወር በቂ ነው።

መሬት ላይ ያለ ድር የምትሮጥ፣ ከኋላዋ ክብ የእንቁላል ከረጢት የምትጎትት ወይም ጫጩቶቿን ጀርባዋ ላይ ያዘለች ካለች ተኩላ ሸረሪት የምትባለው ናት። ማታ ባትሪ ከዓይን አጠገብ ይዘው ሣሩ ላይ ቢያበሩ ዓይኖቿ መልሰው ያበራሉ። እግሯ አጭር ሆኖ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ፊት ለፊት የምታየን ዘላይ ሸረሪት ናት። አበባ ላይ የፊት እግሮቿን እንደ ሸርጣን ዘርግታ የምትጠብቀው ንብም ትበላለች፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ቢሆንም ከዝንቡና ከሌላው ተባይ የምትቀንሰውን ያየ ሰው ይተዋታል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላ ቦታ ነው፦ ከተገለበጠ የአበባ ማሰሮ ሥር፣ በእንጨትና በድንጋይ ክምር ውስጥ፣ ሲነኩት ጠንከር የሚል፣ ቅርጽ የሌለው ዝብርቅርቅ ድር። እዚያ የምትኖረው ሆዷ ክብና የሚያብረቀርቅ፣ ከሥሩም የአሸዋ ሰዓት የመሰለ ቀይ ወይም ብርቱካንማ ምልክት ያለው ከሆነች ንክሻዋ አደገኛ ነው። ስለዚህ ማሰሮ ከማንሳት በፊት ጠርዙን ማየት፣ ጓንት ማጥለቅ፣ ውጭ ያደረ ጫማና ጓንትንም ማራገፍ ነው። ከነከሰች ቦታውን በሳሙናና በውሃ አጥቦ ቀዝቃዛ ጨርቅ ማድረግ ይገባል። መብጣት፣ መምጠጥና ማሰር ጉዳቱን ያብሳል። ሕመሙ ከተሰራጨ፣ ጡንቻ ከተኮማተረ ወይም ላብ ካጠመቀ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መሄድ ነው።

ፀረ ተባይ መርጨት የማይሠራው ለምን እንደሆነ ክሽክሽን፣ ማለትም የቅጠል ጭማቂ የምትመጠውን ትንሽ ተባይ፣ ማየት ይበቃል። ክሽክሽ ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ የተወለደችውም ሲሞቅ በ10 ቀን ገደማ ራሷ ትወልዳለች። ሸረሪት ግን ለመራባት ወራት ይፈጅባታል። መድኃኒቱ ሁለቱንም ይገድላል፤ ፈጥና የምትመለሰው ግን ክሽክሿ ናት፤ ያውም ጠባቂ በሌለበት ቅጠል ላይ።

ሸረሪት እንድትበዛ የሚፈልግ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የገለባ ጉዝጓዝ በተክሎቹ መካከል ያንጥፍ። መሬቱ እርጥብና ጥላ ስለሚሆን ቀን ቀን ትደበቅበታለች። ግንዱን ግን ገለባው አይንካው፤ እርጥበቱ ያበሰብሰዋል። ምርት ሲነሳ ደረቁን አገዳ ሁሉ በአንድ ቀን አለመንቀል ነው፤ የእንቁላል ከረጢቶቹ እዚያ ላይ ተጣብቀው ይቆያሉ። በር ላይ ድር የሚበዛበት ደግሞ የውጭውን መብራት ያጥፋ፤ ሸረሪቷ የምትከተለው ብርሃኑ የሚስባቸውን ነፍሳት ነው። ቤት የገባችውን ብርጭቆ ደፍቶባት፣ ከሥር ወፍራም ወረቀት አንሸራቶ፣ ወደ ጉዝጓዙ መልቀቅ ይቻላል።