ልቡ ለታመመ ጨቅላ የቱ ይቅደም፦ ትንፋሹ ወይስ ደረቱ?

የክርክሩ ጭብጥ፦ ልቡ የታመመ አራስ ጽኑ ሕክምና ክፍል ተኝቶ ሳለ ልቡ ቢቆም በየትኛው መመሪያ እንርዳው? በአንድ በኩል ለአራስ ተብሎ የተዘጋጀው ኤንአርፒ አለ። በሌላ በኩል ከአራስ በላይ ላሉ ሕፃናትና ልጆች የተዘጋጀው ፓልስ አለ። ሁለቱም ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። ተከራካሪዎቹ በደሴ የሚሠራ የሕፃናት ሐኪምና በኮምቦልቻ የምትሠራ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ ናቸው።

ሐኪሙ፦

መጀመሪያ ልዩነቱን ላስቀምጥ። ኤንአርፒ ሦስቴ ደረት ተጭናችሁ አንድ ትንፋሽ ስጡ ይላል። በደቂቃ 90 ጊዜ መጫን፣ 30 ትንፋሽ ማለት ነው። ፓልስ ደግሞ ረዳቶቹ ሁለት ከሆኑ 15 ጊዜ ተጭናችሁ ሁለት ትንፋሽ ስጡ ይላል። ፍጥነቱም በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው። ሕፃኑ የመተንፈሻ ቱቦ ከገባለት መጫኑ ጭራሽ አይቋረጥም። ትንፋሹ ለብቻው በየሁለት ወይም በየሦስት ሰከንዱ ይሰጣል።

ኤንአርፒ የተሠራው በዋናነት ለማዋለጃ ክፍል ነው። ሳንባው ፈሳሽ የሞላ፣ ገና አየር ያላገኘ ሕፃን ነው የታሰበው። የእሱ ልብ ጤነኛ ነው፤ የደከመው ኦክስጅን ስላጣ ነው። አየር ካገኘ ብዙውን ጊዜ ልቡ ራሱ ይነሳል።

እኔ የምከራከርለት ሕፃን ሌላ ነው። ተወልዶ አልቅሷል፣ ጡት ጠብቷል፣ ምናልባትም ቤቱ ገብቷል። በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ግን ደክተስ የምትባለው፣ ማህፀን ውስጥ ክፍት የነበረችው የደም ቧንቧ ትዘጋለች። የአንዳንድ ልብ ሕመምተኞች ሕይወት በዚያች ቧንቧ ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል። ሕፃኑ ይገረጣል፣ እግሩ ይበርዳል፣ ኦክስጅን ብትሰጡት ለውጥ የለውም። የሚያስፈልገው ቧንቧዋን የሚከፍተው ፕሮስታግላንዲን ነው። ልቡ ከቆመ ደግሞ ደም ወደ አንጎሉና ወደ ልቡ ጡንቻ የሚገፋለት እጅ።

ይህን እኔ ብቻ አይደለም የምለው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2010 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ፣ ልቡ የቆመበት ምክንያት ራሱ ልብ እንደሆነ የታወቀ አራስ 15 ለ2 ቢታሰብለት ተገቢ ነው ብሏል።

ነርሷ፦

ዶክተር፣ እዚያው መመሪያ ላይ ያለውን ቅድመ ሁኔታ አልፈውታል። ምክንያቱ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። እኛ ጋ መቼ ነው የሚታወቀው?

ሕፃኑ ከባቲ ወይም ከሐርቡ በአምቡላንስ ይመጣል። የሪፈር ወረቀቱ ላይ «ሴፕሲስ»፣ ማለትም ደም ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን፣ ተብሎ ተጽፏል። ይገረጣል፣ ይበርዳል፣ አይጠባም። እርስዎ የነገሩን የልብ ሕመምተኛ ምልክት ልክ እንደዚሁ ነው። ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ የሚሠራ ሰው ሌሊት አይገኝም። ኦክስጅን መለኪያውን ጣቱ ላይ እናደርጋለን፣ 88 በመቶ ይላል። ደሴ ላይ ቢሆን ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ነን፤ ከፍታው ራሱ የጤነኛውንም ቁጥር ያወርደዋል። ታዲያ 88ቱ የልብ ነው፣ የሳንባ ነው ወይስ የጦሳ ተራራ አየር ነው?

እኛ ክፍል ለተኛ አራስ፣ ልቡ ከመቆሙ በፊት በአብዛኛው የቆመው ትንፋሹ ነው። ያለጊዜው የተወለደ አለ፣ ኢንፌክሽን ያለበት አለ፣ ታፍኖ የተወለደ አለ። ይኸው ማኅበር ኤንአርፒ ለማዋለጃ ክፍል ብቻ ሳይሆን፣ ከተወለዱ ሳምንታት ላለፏቸው ጨቅላዎችም እንደሚያገለግል ጽፏል። ስለዚህ ምክንያቱን ሳላውቅ ምረጪ ካሉኝ ትንፋሽ የሚበዛበትን እመርጣለሁ።

ስለ እጅም ልናገር። ሁለት አውራ ጣቶቼን ደረቱ መሃል፣ ከጡቶቹ መስመር ዝቅ አድርጌ አስቀምጣለሁ። የቀሩት ጣቶቼ ጀርባውን ይዘዋል። ጓደኛዬ ጭንቅላቱ ጋ ቆማ ማስኩን ታስይዛለች። አገጩ ትንሽ ካዘነበለ አየሩ በጉንጩ በኩል ያመልጣል። ስለዚህ ዓይኗ ከደረቱ አይነቀልም። «አንድና፣ ሁለትና፣ ሦስትና፣ ትንፋሽ» እያልን አብረን እንቆጥራለን። ይህ ቆጠራ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይም፣ እንቅልፍ እያንገላታንም፣ ከአፋችን አይጠፋም። እዚያው ክፍል ውስጥ አንዱን ሕፃን በሦስት፣ ጎኑ ያለውን በአሥራ አምስት ቁጠሩ ካላችሁን ግን ማንን ነው የምታድኑት?

ሐኪሙ፦

የእጅ ልምድን አላቃልልም። ግን ልምድ ላይ ተደግፈን መመሪያው የማያነሳውን ሕመም መርሳት የለብንም። አንድ ምሳሌ ላምጣ። ሞኒተሩ ላይ የልብ ምቱ 260 የሚል አራስ አለ። ኤስቪቲ ነው፤ ልብ ያለልክ የሚፈጥንበት የምት መዛባት። ኤንአርፒ ለዚህ ሕፃን ምንም አይልም፤ ምክንያቱም ለማዋለጃ ክፍል ነው የተጻፈው። ፓልስ ግን መንገዱን ያሳያል። ሕፃኑ ራሱን ካልሳተ በመጀመሪያ በረዶና ውሃ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ፣ አፍና አፍንጫውን ሳትሸፍኑ፣ ግንባሩና ፊቱ ላይ ለጥቂት ሰከንዶች አሳርፉ ይላል። ያ ካልሠራ አደኖሲን የሚባለው መድኃኒት፣ በኪሎ 0.1 ሚሊግራም፣ በደም ሥር በፍጥነት የሚገፋ። ከፋ ከተባለም ልቡን የሚያስተካክል የኤሌክትሪክ ንዝረት አለ፤ ከነመጠኑ ተጽፏል። በረዶ ለማግኘት ደሴ ውስጥ ማን ይቸገራል? ይህን ዕውቀት ለአራስ ነርሶች ሳናስተምር መቅረታችን ያሳስበኛል።

ልብ ላይ ስለሚደርሰው ደምም ልጨምር። መጫን ሲጀመር የልብ ጡንቻ የሚመገብበት ግፊት ወዲያው አይወጣም። ተከታታይ መጫን ቀስ በቀስ ይገነባዋል። ባቆማችሁ ቁጥር ይወርዳል። የገጠር የእጅ ውሃ ፓምፕ ስትመቱ የመጀመሪያዎቹ ምቶች ውሃ አያወጡም፤ እጃችሁን ባነሳችሁ ቁጥር ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ። ሦስት ተጭኖ ማቆም ማለት ይኸው ነው።

ነርሷ፦

ምሳሌዎ ገባኝ፤ እኔ ግን ሒሳብ ልሥራልዎ። 15 ለ2ን በማስክ ስንሠራ በደቂቃ የምንሰጠው ትንፋሽ ከ30 ወደ ግማሹ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። መጫኑ ግን ማቋረጡ ስለሚገባበት ያን ያህል አይጨምርም፤ ከ90 ብዙ አይርቅም። ትንፋሽ በእርግጠኝነት እንከፍላለን፣ በልዋጩ የምናገኘው ግን ገና ያልተረጋገጠ ነው። ማስረጃው ራሱ በአብዛኛው ከአሻንጉሊትና ከአሳማ ግልገል የመጣ ነው። ይህን ለሁለቱም መመሪያዎች ነው የምለው፤ ለ3 ለ1ም እንዲሁ።

ሌላው መድኃኒቱ ነው። ልብ ለማስነሳት የምንሰጠው አድሬናሊን በ1 ሚሊ ፈሳሽ 1 ሚሊግራም ያለው አምፑል ነው። በ9 ሚሊ ሳላይን እናቀጥነዋለን። ለሦስት ኪሎ ሕፃን ኤንአርፒ ለጅምር የሚመክረው በኪሎ 0.02 ሚሊግራም ስለሆነ 0.6 ሚሊ ይሆናል። ፓልስ በኪሎ 0.01 ስለሚል 0.3 ሚሊ ይሆናል። አንድ ሲሪንጅ፣ ሁለት መጠን። በዚያች ደቂቃ ይህ ጣጣ ያስፈራኛል።

ሐኪሙ፦

ለሲሪንጁ መልስ አለኝ። ኤንአርፒ በደም ሥር የሚፈቅደው በኪሎ ከ0.01 እስከ 0.03 ሚሊግራም ነው። ስለዚህ 0.01 በሁለቱም መመሪያ ሕጋዊ ነው። የተረጋገጠ የልብ ሕመም ላለበት ሕፃን በክብደቱ የተሰላውን መጠን፣ ለሦስት ኪሎው 0.3 ሚሊን፣ ካርድ ላይ ጽፈን እንለጥፍ። ክርክሩ ያልቃል።

ሒሳቡንም ላስተካክል። እርስዎ ያሰሉት ማስክ ለያዘ ሕፃን ነው። ቱቦ የገባለትን ይውሰዱ። መጫኑ ሳይቋረጥ ከ100 እስከ 120 ይደርሳል፣ ትንፋሹም ከ20 እስከ 30 ይሆናል። በዚህ ሁኔታ ትንፋሽ አልከፈልንም ማለት ይቻላል። የልብ ጽኑ ሕክምና ክፍል ውስጥ ያለ ሕፃን፣ በተለይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ያለው የልብ ማዕከል ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ቢሆን እርስዎም 3 ለ1 አይሉም።

ኦክስጅን ላይም አንድ ነገር ልበል፤ ይህ እኛን በቀጥታ ይነካል። ደም የሚገፋው የልቡ ክፍል አንድ ብቻ ለሆነ ሕፃን ብዙ ኦክስጅን ጥሩ አይደለም። ደሙ ወደ ሳንባው ይጎርፋል፣ ሰውነቱ ይራባል። መለኪያው ላይ የሚፈለገው በአብዛኛው ከ75 እስከ 85 በመቶ ነው። ያንን ሕፃን «95 ይድረስ» ብለን ስንገፋው እንጎዳዋለን።

ነርሷ፦

ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት እስማማለሁ፤ ስለዚያ ልጅ አልከራከርዎትም። ኦክስጅኑንም ጽፈው ይስጡን፤ ደም የሚገፋው የልቡ ክፍል አንድ ብቻ ለሆነ ሕፃን 95 ስንፈልግለት ማደር የለብንም።

ግን ያ ልጅ ከዚህ እስከዚያ መድረስ አለበት። ደሴ እስከ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢት አልፎ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። አምቡላንሱ ውስጥ አንዲት ነርስ ናት ያለችው። አያትየዋ ከኋላ ተቀምጠው ዱዓ ያደርጋሉ፣ «አብሽሪ ልጄ» ይሏታል። ቁጥሩ ሲወርድ ያቺ ነርስ አምቡ ባጉን፣ በእጅ የሚጨመቀውን የትንፋሽ መስጫ ከረጢት፣ ይዛ መመሪያ አትመርጥም። እንዲያውም ብቻዋን ስለሆነች 3 ለ1ንም በትክክል መሥራት አትችልም። መጀመሪያ ማስኩን ታስተካክላለች፣ ትንፋሽ ትሰጣለች። ትንፋሹ በደንብ እየደረሰውም የልብ ምቱ በደቂቃ ከ60 በታች ከሆነ ነው ወደ ደረቱ የምትሄደው። ልቡ እየመታ እስካለ ድረስ ይህ ቅደም ተከተል በሁለቱም መመሪያ ተቀራራቢ ነው፤ ፓልስ ሰውነቱ ደም ማጣቱንም ይጨምራል።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ አራስ ሁሉ በ3 ለ1 ይረዳ። ልቡ መሆኑ በኢኮ የተረጋገጠ ሕፃን፣ ጠዋት ሐኪሞች ሲዞሩ አልጋው ራስጌ ወረቀት ይለጠፍበት፦ 15 ለ2፣ በክብደቱ የተሰላው አድሬናሊን፣ ደም የሚገፋው የልቡ ክፍል አንድ ብቻ ከሆነ ኦክስጅን ከ75 እስከ 85፣ ፕሮስታግላንዲኑ በየት መስመር እየገባ እንደሆነ። የተለጠፈበትን እናውቃለን፤ ያልተለጠፈበትን በለመደ እጃችን እንረዳለን።

ሐኪሙ፦

ወረቀቱን ተቀብያለሁ። አንድ መስመር ግን አልለቅም። ቱቦ ገብቶለት፣ አየር በደንብ እየደረሰው፣ ልቡ የማይነሳ ሕፃን ካጋጠማችሁ፣ ወረቀት ባይለጠፍበትም መጫኑን አታቋርጡ። ሳንባው አየር እያገኘ ልቡ ካልመለሰ ችግሩ ከትንፋሹ አልፏል ማለት ነው። ያኔ ኢኮ አልተሠራም ብላችሁ አትጠብቁ።

ነርሷ፦

ቱቦው በትክክል መግባቱን ማን ያረጋግጣል? ከሳንባው የሚወጣውን አየር በሚያሳየው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ካልታየ፣ ያ ሕፃን ትንፋሽ ያላገኘ ሕፃን ነው ብዬ ነው የምነሳው። መለኪያውን ያምጡልኝ፤ ያኔ መስመርዎን እፈርማለሁ።