18 ሞላው ብላችሁ አትሽሹ

ወገኖቼ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው፣ ቅር የሚለው ይበለው። የህፃናት ማሳደጊያ ሲባል ሁላችንም ሆዳችን ይባባል፣ አሻንጉሊት ይዘን እንሄዳለን፣ ህፃን አቅፈን ፎቶ እንነሳለን፣ ፖስት እናደርጋለን። ያው ልጅ 18 ሞልቶት ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ግን የት ነን? ትንሽ እያለ አሳዘነን፣ ጢም ሲያበቅል አስፈራን።

የራሳችሁን ልጅ እኮ 18 በሞላ ማግስት ልብሱን ሸክፋችሁ በል ራስህን ቻል አትሉትም። ስራ ሲያጣ ቤት ነው፣ ሲታመም ቤት ነው፣ ትዳሩ ሲፈርስ ራሱ ተመልሶ እናቱ ጋ ነው። ከማሳደጊያ የወጣ ልጅ ግን አልጋው ላይ ሌላ ልጅ ተኝቶበታል፣ ወዴት ይመለስ?

ደሞ የመጀመሪያ ደሞዙን በሳምንት ጨረሰ ብላችሁ አባካኝ ትሉታላችሁ። ስንት ዓመት ምግቡ በሰዓቱ ሲቀርብለት፣ የመብራቱን ሂሳብ ሌላ ሰው ሲከፍልለት፣ ሐኪም ጋ ሰራተኛ ሲወስደው የኖረ ልጅ በጀት ማውጣት ከየት ያምጣው? እዚህ ላይ ማሳደጊያዎቹም አያመልጡም። የተባበሩት መንግስታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቀበለው፣ ከወላጆቻቸው ውጪ ስለሚያድጉ ልጆች የሚናገረው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ፣ ራስን የመቻል ዝግጅቱ ልጁ ከመውጣቱ ብዙ ቀደም ብሎ ይጀመር፣ በተቻለ መጠንም ራሱን እስኪችል የሚያግዘው ሰው ይመደብለት ይላል። እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ያሉ ወጣቶች እስከ 25 ዓመታቸው አማካሪ የማግኘት መብት በህግ አላቸው። እናንተ ማሳደጊያዎች ግን የልደት ሰርተፊኬቱንና የህክምና ፋይሉን እንኳን በመጨረሻው ቀን ነው የምትፈልጉለት፣ እሱም ከተገኘ።

አከራዮችና ቀጣሪዎች፣ እናንተም ስሙ። ዋስ አምጣ ስትሉት እኮ አባት አምጣ እያላችሁት ነው። ስራውን ይችላል፣ ኪራዩንም ይከፍላል፣ የሚፈርምለት ዘመድ ስለሌለው ብቻ በር ትዘጉበታላችሁ፣ ከዛ መንገድ ላይ ስታዩት ወጣቱ ተበላሽቷል ብላችሁ ታወራላችሁ። ሴቷማ ይብሳል፣ ማንም የላትም ሲባል ሰምቶ የሚጠጋት ሁሉ ለደግ አይደለም፣ እያያችሁ ዝም የምትሉ ጎረቤቶች እናንተንም ይመለከታል።

አንድ ሌላ የሚያናድደኝ ነገር ደሞ አለ፣ የተሳካላትን አንዷን ይዞ እሷ ችላ የለ እንዴ ማለት። አዎ ችላለች፣ በጣም ጎበዝ ነች፣ ግን ጠይቋት እስቲ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ስልክ የሚያነሳላት ሰው ነበራት፣ አስተማሪ ይሁን የድሮ ሞግዚት ይሁን። ለሌሎቹም የጎደላቸው እሱ ነው።

ስለዚህ አሻንጉሊቱን ቀንሱና የአንድ ወጣት የመጀመሪያ ወራት ኪራይ ተጋሩ። ዋስ መሆን የምትችሉ ፈርሙ። ባንክ ቤት አብራችሁት ሂዱ፣ የኪራይ ውሉን አብራችሁት አንብቡ፣ በዓል ሲሆን ቤታችሁ ጥሩት፣ ወላጆችህ የት ናቸው የሚለውን ጥያቄ ግን ራሱ እስኪያወራው ተዉት። ደሞ እባካችሁ በሁለተኛው ወር ሰለቸን ብላችሁ ስልክ የምታጠፉ ከሆነ ከነጭራሹ አትጀምሩት፣ እስካሁን መጥቶ የሄደባቸው ሰው ይበቃቸዋል።