የሽንኩርት ልጣጭ በሲያትልና በአዲስ አበባ

ሲያትል የሚኖር ሐበሻ የሽንኩርት ልጣጩን፣ የውሃ ፕላስቲኩን፣ የልጁን ዳይፐር ለየብቻ ነው የሚጥለው። ያው ሰው ለዕረፍት አዲስ አበባ በገባ ማግስት ሦስቱንም አንድ ፌስታል ውስጥ ጠቅጥቆ አስሮ ያወጣል። ለምን ሲሉት «እዚህ ማን ይለያል?» ይላል። በጣም ያንገበግባል። ያላወቀ ቢያደርገው ይነገረዋል፤ ይሄ ግን እያወቀ ነው።

ሲያትል ውስጥ የምግብ ትራፊን ከሌላ ቆሻሻ ጋር መጣል ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተከልክሏል። ከሕጉ ይልቅ ሰዉን የሚገፋው ግን ክፍያው ይመስለኛል። የግል ቤት የቆሻሻ በርሜል ባለ 12፣ ባለ 20፣ ባለ 32 ጋሎን እያለ ያድጋል፤ ትልቅ የያዘ ብዙ ይከፍላል። ልጣጩንና የቡና አተላውን ወደ ኮምፖስቱ (በስብሶ ማዳበሪያ ወደሚሆነው) በርሜል ያዞረ ቤተሰብ ትንሹ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ላይ ክፍያው ከውሃ ሒሳብ ጋር ተያይዞ ስለሚመጣ፣ ትንሽ ቆሻሻ ያወጣ ሰው በዚህ የሚቀነስለት ነገር የለም። ይህ መስተካከል ያለበት ነው።

ደግሞ ግማሹን ሥራ እኮ እኛ ድሮም ጨርሰነዋል! ብረቱን፣ ጠርሙሱን፣ አሮጌ ጫማውን ቆራሌው ይወስዳል። የቢራና የለስላሳ ባዶ ጠርሙስ ከነሳጥኑ ይመለሳል። የቀረን እርጥቡ ነው፦ ልጣጭ፣ አተላ፣ የሻገተ እንጀራ፣ የጫት ገረባ። ገንዳውን የሚያገማው፣ መኪናውን የሚያከብደው እሱ ነው። ረጲ ያለው ከቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ቢደርስም መጀመሪያ ውሃው መትነን ስላለበት ሙቀት ይበላል። ቆሼ በሚባለው የከተማው ቆሻሻ መጣያ ላይ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የተናደው ክምር ከመቶ በላይ ሰው ገድሏል። ያ ክምር ከየቤታችን የወጣ ፌስታል ነበር።

እርጥቡን እዚያው ግቢ ውስጥ አበስብሶ ብስባሽ (ኮምፖስት) ማድረግ ይቻላል፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቦታ የለም የሚባለውን አልቀበልም። ከብሎኩ ጀርባ 4 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል ይበቃል። ጎን ለጎን ሦስት ሳጥን በብሎኬት ይሠራል፤ የእያንዳንዱ ውስጡ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት 1 ሜትር ነው። አየር እንዲገባ በብሎኬቶቹ መካከል ክፍተት ይተዋል፤ ሥሩ አፈር ይሁን፣ ሊሾ አይደረግ፤ ከላይ ቆርቆሮ ይከደን። ከዚህ ያነሰ ክምር ሙቀት አይዝም፤ መሃሉ 55 ዲግሪ ካልደረሰ ደግሞ የአረሙ ዘር አይሞትም።

ሳጥኑን ስትሞሉ፣ ለአንድ ባልዲ እርጥብ ሁለት ባልዲ ደረቅ ይገባል። ደረቁ ጭድ፣ የረገፈ ቅጠል፣ የተቀዳደደ ካርቶን ወይም ሰጋቱራ ነው። ሰጋቱራው ከጣውላ የወጣ መሆኑን አናጺውን ጠይቁት፤ የኤምዲኤፍና የቺፕውድ ብናኝ ሙጫ አለበት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ከበዛ መበስበሱን ያዘገያል። እንጀራን እንዳለ ማንጠፍ ብዙዎች የሚስቱት ነው፦ ተደራርቦ ይጣበቅና አየር ይዘጋል፣ ከዚያ ይሸታል። ቆራርሶ መሃል ላይ መቅበር ነው። የቡና አተላ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ አይለፍ። የገረባው እንጨት በጣት ርዝመት ካልተቆረጠ ወራት አልፈውም እንዳለ ይገኛል። የከሰል አመድ አድሮ ከቀዘቀዘ በኋላ ለአንድ ንብርብር አንድ እፍኝ ይበቃል፤ ሲበዛ ናይትሮጂኑን አሞኒያ አድርጎ ያበረዋል። ወጥ፣ ዘይት፣ ሥጋና አጥንት በፍጹም አይገቡም፤ አይጥና ውሻ ይጠራሉ። በጾም ወራት ሥራው የሚቀለውም ለዚህ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ግን ባልዲው ውስጥ ያለውን ማየት ያስፈልጋል።

እርጥበቱን በእጅ ማወቅ ይቻላል። እፍኝ ሙሉ ወስዳችሁ ስትጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው። ከዚያ በላይ ከተንጠባጠበ ደረቅ ጨምሩ፤ ከተፈረፈረ ውሃ ርጩ። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ አየር አጥሮታል ማለት ነው፣ ይገላበጥ። በሳምንት አንድ ቀን በመንሽ ይገላበጣል፤ የመጀመሪያው ሳጥን ሲሞላ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ይዛወራል። ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈጃል፤ በክረምት ይዘገያል፣ ክዳኑ ካፈሰሰማ ጨርሶ ይበላሻል።

ከሁሉም የሚከብደው የሚያገላብጥ ሰው ጉዳይ ነው። «በየተራ እናደርጋለን» የተባለበት ሳጥን በሁለተኛው ወር የዝንብ መናኸሪያ ይሆናል። የብሎኩ ኮሚቴ ለጽዳት ሠራተኛዋ ወይም ለጥበቃው በግልጽ ደመወዝ ይጨምር፤ ሥራ ነውና ይከፈልበት። መላውን ብሎክ በአንድ ቀን ማስገባትም አያዋጣም። እርስ በርስ በሚተማመኑ አምስት ቤቶች ይጀመር፤ እያንዳንዱ ቤት ክዳን ያለው ባልዲ ይኑረው፤ ባልዲው ይገልበጥ እንጂ ፌስታል ሳጥኑ አጠገብ አይድረስ።

የደረሰው ብስባሽ ጠቁሮ ይፈረፈራል፣ የዝናብ አፈር ይሸታል። አንድ እጅ ብስባሽ ከሁለት እጅ አፈር ጋር ይደባለቅና ሥሩ በተበሳ ጄሪካን ውስጥ ጎመንና ቆስጣ ይተከልበታል። የመጀመሪያውን ምርት ባልዲ ያመጡት አምስቱ ቤቶች ይካፈሉት፤ ስድስተኛው ጎረቤት ያኔ ራሱ መጥቶ ይጠይቃል።