ኩሽኔታን በመዶሻ መግደል ይብቃን!

እስኪ ዛሬ የልቤን ልናገር። ሐዋሳ ላይ ባጃጅ የምታሽከረክሩ ሁሉ ነገሩን ታውቁታላችሁ። የኋላ ጎማ ኩሽኔታ (በሁለት የብረት ቀለበቶች መካከል ኳሶች ያሉት፣ ጎማው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ዕቃ) ትቀይራለህ። ብሩን ትከፍላለህ። ሥራ ፈትተህ ጋራዥ በር ላይ ትውላለህ። ብዙም ሳይቆይ ያ የምታውቀው ድምፅ ይመለሳል። እዝዝዝ... ፍጥነት ስትጨምር ይጨምራል፣ ስትቀንስ ይቀንሳል። ተሳፋሪው ሳይቀር «ሹፌር፣ ምንድነው የሚጮኸው?» ይልሃል።

ሰው ሁሉ በመንገዱ ያሳብባል። አዎ፣ መንገዱም የራሱ ድርሻ አለው። ከአስፋልት ወርደህ ወደ ሰፈር ስትገባ ኮብልስቶኑ የተነሳበት፣ ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት ቦታ ሞልቷል። ግን እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። አዲሱ ኩሽኔታ መንገዱን ሳያይ እዚያው ጋራዥ ውስጥ እየሞተ ነው።

አገጣጠሙን እዩት። ኩሽኔታው ከካርቶኑ ይወጣና አሸዋና የብረት ብናኝ ያለበት መሬት ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ቤቱ (ኩሽኔታው የሚገባበት የብረት ቀዳዳ) አፍ ላይ ይደቀንና መዶሻ ይነሳል። ጧ! ጧ! በአንድ ጎን ብቻ ሲመታ ተጣሞ ይገባል። ሲጣመም ደግሞ በሌላው ጎን ይደበደባል። ከሁሉ የሚያመኝ የውስጠኛውን ቀለበት ሲመቱት ነው። ቤቱ ውስጥ ተጠብቆ የሚገባው የውጨኛው ቀለበት ነው። መገፋት ያለበትም እሱ ነው። ውስጠኛውን ስትመታ ምቱ በሙሉ በኳሶቹ በኩል ያልፋል፣ ኳሶቹም የሚሽከረከሩበትን መስመር ይወጉታል።

ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም። ከባጃጄ የወጣውን ኩሽኔታ አስቆርጬ አይቼዋለሁ። ያ እንደ መስታወት መንሸራተት የነበረበት መስመር ላይ ትናንሽ ጠባሳዎች ተደርድረዋል። በጠባሳና በጠባሳ መካከል ያለው ርቀት በኳስና በኳስ መካከል ካለው ጋር አንድ ነው። ጥፍሬን ሳስኬድበት እያንዳንዱ ላይ ቆም ይላል። ጉድጓድ እንዲህ ልክ ጠብቆ አይመታም። መዶሻ ነው!

«ወንድሜ፣ በፕሬስ፣ በመጫኛ ማሽኑ፣ ብትገጥሙት ምናለበት?» ስትል «አይዞህ፣ እኛ ስንት ዓመት የሠራንበት ነው» ይሉሃል። እሺ፣ ፕሬስ የለም እንበል። ዕቃ አጥብቆ የሚይዘው ሞርሳስ የለም? አሮጌው ኩሽኔታ የውጪ ቀለበቱ ከአዲሱ ጋር ልኩ አንድ ነው። ዙሪያውን ትንሽ ሞርደህ አዲሱ ላይ ደርበህ በሞርሳ ቀስ እያልክ ብትገፋው ቀጥ ብሎ ይገባል። ቤቱን ወደ 100 ዲግሪ ገደማ ብታሞቀው ደግሞ ብረቱ ስለሚሰፋ ያለ ብዙ ትግል ይቀመጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው። ችኮላው ለማን ነው? እንደገና የሚከፍለው እኮ እኔ ነኝ። ባጃጁ የሰው ሆኖ ማታ ገቢ የሚጠበቅበት ልጅማ ምን ይበል?

ሌላው ቤቱ ሲሰፋ የሚደረገው ነው። ኩሽኔታው ቤቱ ውስጥ መዞር ከጀመረ ቤቱ ተበልቷል ማለት ነው። መፍትሔው ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚቀረጽበት) ወስዶ የብረት ቀለበት አልብሶ በልኩ ማስጠበብ ነው፣ ወይም መቀየር። የእኛ ሰፈር መፍትሔ ግን ውስጡን በመሮ ጫፍ መውጋት ነው። ወይም የጣሳ ቆርቆሮ ቆርጦ መጠቅለል። ለጊዜው ይጠብቃል። ኩሽኔታው ግን ያረፈው በተወጉት ነጥቦች ላይ ብቻ ነው። እነሱ ሲጠፈጠፉ ተመልሶ ይላላል፣ ቤቱም ከበፊቱ የባሰ ይሆናል። ኮፒሊያውንማ፣ የጎማው ዳዶ እንዳይፈታ የሚቆልፈውን ፒን፣ ተውት። በእሱ ፋንታ የሽቦ ቁራጭ ጠምዝዘው ይልኩሃል። ያ ዳዶ ቢፈታ ጎማው የት ሊሄድ ነው?

የመለዋወጫ ሱቁስ? «ኦርጅናል ነው ወንድሜ፣ ማርያምን!» ካርቶኑ ላይ የታወቀ ስም አለ። አውጥተህ ስታየው ቀለበቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ደብዝዞ በጣት ይለቃል። እኔ አሁን ቁጥሩን ሳላነብ አልገዛም። ለምሳሌ 6205 ካለ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች በ5 ስታባዛ የውስጥ ቀዳዳው 25 ሚሊሜትር መሆኑን ታውቃለህ። 2አርኤስ የሚለው በሁለቱም ጎን የጎማ መሸፈኛ አለው ማለት ነው። ዜድዜድ ደግሞ መሸፈኛው ቆርቆሮ ነው። ለእኛ አቧራና ጭቃ ጎማው ይሻላል። ይህን ጠይቄ «ሁሉም ያው ነው» ያለኝ ነጋዴ አለ። ያው አይደለም!

ላቫጆ ላይም ልመና አለኝ። ልጆች፣ እባካችሁ ያንን የግፊት ውሃ የጎማው መሀል ላይ አትደቅኑት። ውሃው በመሸፈኛው አልፎ ይገባል፣ ግሪሱን ያጥበዋል፣ ከዚያ ዝገት ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ለድምፁ ብቻ ብዬ አይደለም። ኩሽኔታው ሲላላ አክስሉ ይንቀጠቀጣል፣ የዘይት መያዣው ጎማ ይበላል፣ ቅባቱ የፍሬን ሸራው ላይ ይፈስሳል። ፍሬን ስትይዝ ይንሸራተትብሃል። ከኋላ የተቀመጠችው ልጇን ያቀፈች እናት ናት። ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ባጃጁን በክሪክ አንሱት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ከተንቋቋ ወይም ስታዞሩት ከተንኳኳ ሰው አትጫኑ።

ሐዋሳ ውስጥ መዶሻ ሳያነሳ ኩሽኔታ የሚገጥም መካኒክ የምታውቁ ካላችሁ ሰፈሩን ጻፉልኝ። መናኸሪያ አካባቢም ይሁን ጥቁር ውሃ፣ እሄዳለሁ። የእጁን ዋጋ ጨምሬ እከፍላለሁ።