መኪና እያለ በእግሩ?

ክርክሩ የተነሳው ጣና ዳር፣ ጀበና ቡና ከምንጠጣበት ጥላ ሥር ነው። ነገሩ ትንሽ ቆየት ብሏል። መንገዱ እንዲህ ሳይከብድ፣ ሰው ብድግ ብሎ ጎንደር ደርሶ በሚመለስበት ጊዜ ነው።

ከመካከላችን የአንዱ እህት ልጅ ፔዳ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ጂኦሎጂ ይማራል። በሴሚስተር እረፍት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቦርሳውን አዝሎ ሰሜን ተራሮችን በእግሩ ሊያቋርጥ ሄደ። ሐሳባቸው ከሳንቃ በር ተነስተው በግጭና በጨነቅ አድርገው፣ ቧሂትን ተሻግረው ራስ ዳሽን ጫፍ መውጣት ነበር። ልጁ ጨነቅ ላይ አመመውና ተመለሰ። አፍንጫው ተላጦ፣ ተረከዙ ውሃ ቋጥሮ፣ እያነከሰ መጣ።

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም!» አለ መለዋወጫ ሻጩ ወዳጃችን፣ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ እያየ። «ዘመድ አለህ እዚያ? ለቅሶ ነው? ሰርግ ነው?»

ለእሱ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ለለቅሶ፣ ለሰርግና ለሸቀጥ ብቻ ነው። ደግሞ ተረት አንዴ ከያዘ አይለቅም።

ልጁ አንገቱን ደፋ አድርጎ ሊያስረዳው ሞከረ። «ጋሼ፣ ያ ገደል ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ የተሠራ ነው። የምንማረው ስለሱ ነው። መጽሐፉ ላይ ሁለት መስመር ነው፣ እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ሲቆሙ ግን ንብርብሩን በዓይንዎ ይቆጥሩታል። ይቺን ጣናንም ውሃዋን የገደበላት እንደዚያው ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው።»

«ድንጋይ ለማየት!» አለ ሰውየው ወደ እኛ ዞሮ። «ድንጋይ ባሕር ዳር ጠፋ?»

እንግዲህ ከዚህ ጋር ነው የምንከራከረው።

ቀጥሎ ያመጣው ነገር ትንሽ ይሻላል። «አይሱዙ እኮ ጨነቅን አልፎ ጃናሞራ ይሄዳል። መኪና በሚሄድበት አገር በእግሩ የሚኳትን ምን ቸግሮት ነው?» መኪና መሄዱ እውነት ነው። ግን ይህን የሚለው ሰው ከሱቁ እዚህ ቡናው ድረስ በባጃጅ ነው የሚመጣው። ከሱቁ በር ላይ ሆኖ ቢጣራ እንሰማዋለን!

ቡና የምታፈላልን እቴቴ እሳቱን እያራገበች ጣልቃ ገባች። «ቅዱስ ያሬድስ ሰሜን ተራራ በምን ሄዶ ተሰወረ? በአይሱዙ ነው?» ሁላችንም ሳቅን። እሱ አልሳቀም። «እሱ ጻድቅ ነው፣ ይሄ ተማሪ ነው» አለ።

ተማሪስ ቢሆን? ጎጃም ተቀምጠን ይህን መባባላችን ያሳፍራል። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ውሻ እያባረረው ቅኔ ፍለጋ ከአገር አገር የሚዞረው በእግሩ አልነበረም? መምህሩን መርጦ፣ ወንዝ ተሻግሮ ዋሸራ ሲወርድ ማን «ዘመድ አለህ ወይ» አለው? ያን ጊዜ ወግ ነበር። ዛሬ ቦርሳው ዚፕ ስላለው እብደት ሆነ።

ልጁ አዘገጃጀቱ ላይ ጥፋት የለበትም አልልም። ጫማው አዲስ ነበር፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይለምደው ነው የወጣው። ጂንስ ሱሪ ለብሶ ሄደ፣ ጂንስ ደግሞ ከረጠበ በዚያ ብርድ ቶሎ አይደርቅም። ቤት ያለውን ከባድ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ተሸከመና ትከሻውን አቆሰለው። ከቦርሳው ውስጥ ሥራውን በትክክል የሠራው እናቱ የቋጠሩለት ስንቅ ብቻ ነው። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ጓደኞቹ ዘመናዊ ነን ብለው ፓስታ ይዘው ነበር። ግጭ ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ፓስታው አልበስል ብሎ ጋዛቸውን ጨረሰ። ከዚያ በኋላ የእናቱን በሶ እየተለማመኑ በጠበጡ። የሚጠብቃቸው የፓርኩ ታጣቂ፣ ስካውቱ፣ ግን በላስቲክ ጫማና በጋቢ፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ከፊታቸው እየቀደመ ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

ዋናው ስህተት ግን ችኮላው ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እነሱ ሌሊት ከዚህ ተነስተው፣ ደባርቅ ምሳ በልተው፣ በዚያው ቀን ማታ ሳንቃ በር አደሩ። ያ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። በማግስቱ ግጭ፣ 3,600። ሰውነት ለስስ አየር የሚለምደው በቀናት ነው። 3,000 ሜትር ካለፉ በኋላ የሚያድሩበት ቦታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ባይበልጥ ነው የሚመከረው። ደባርቅ ላይ እንኳ አንድ ሌሊት ቢያድሩ ይሻላቸው ነበር። ግጭ ላይ ልጁን ራሱን ፈለጠው፣ ዝም አለ። ጨነቅ ላይ አስታወከው። ጠዋት ጓደኞቹ ወደ ቧሂት ሊነሱ ሲሉ ስካውቱ ፊቱን አየና ቦርሳውን ከጀርባው አወረደለት። የሚመለስ አይሱዙ አስቁሞም ጫነው። ልክ ነው የሠራው። እንዲህ ያለ ሕመም ሲጀምር መድኃኒቱ መውረድ ነው። እምቢ ብሎ የወጣ ሰው ሳንባው ወይም አንጎሉ ውሃ ቋጥሮ ሊሞት ይችላል።

«አያችሁ!» አለ መለዋወጫ ሻጩ፣ ጉልበቱን እየመታ። «መኪና አዳነው! ደግሞ አልደረሰም! ያን ሁሉ ብር በልቶ አልደረሰም! የማያውቁት አገር አይናፍቅም ብዬ ነበር።»

እዚህ ላይ ነው እኔን ያናደደኝ። «ደረስክ ወይ?» ነው ጥያቄው። ምን አየህ የለም፣ ምን ለመድክ የለም። ተማሪ ስንት አመጣህ፣ ሠራተኛ ስንት ታገኛለህ፣ ተራራ የወጣ ጫፉ ላይ ፎቶ አለህ ወይ። በሃያ ዓመቱ ጓደኞቹ እያዩት «አልችልም፣ ልውረድ» ያለ ልጅ እኮ ቀላል ነገር አላደረገም። ሞቶ ቢመጣ ደግሞ ይኸው ሰው ለቅሶ ላይ ፊት ተቀምጦ «ምነው ባይሄድ» ይል ነበር።

እኛማ ስለ ተራራ ምን እናውቃለን? ራስ ዳሽን 4,620 ሜትር ነው ብለን ሸምድደን ተፈትነናል። ዛሬ የሚባለው 4,550 አካባቢ ነው። ሰባ ሜትር ያህል ሲጎድል አንድ ሰው ትዝ አለው? ዋልያን የምናውቀው በቢራና በኳስ ቡድን ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሲባል አጨብጭበናል። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገብቶ እስከ 2017 እዚያው ሲቆይ ግን በእኛ ቡና ላይ ወሬው አልተነሳም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም፣ አዎ፣ እውነት ነው! ለዚህ ነው ደኑ ሲመነጠርና ሲቃጠል ማንንም የማያመው። ተረቱ መሄድን አይከለክልም፣ ሰውየው ነው የከለከለው። ልጆቻችን የእንግሊዝ ስታዲየም ስም በቃላቸው ይጠራሉ፣ ከዚህ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀውን ጉና ግን በየትኛው በኩል እንደሚወጡት አያውቁም። ፈረንጅ ባሕር አቋርጦ መጥቶ ሲወጣው «ጎበዝ» እንላለን፣ የራሳችን ልጅ ሲሄድ «ምን ጎድሎት ነው?»

ስለ ናፍቆት ካነሳንስ፣ መለዋወጫ ሻጩ ጥቅምት በመጣ ቁጥር ዲቪ ይሞላ ነበር። አሜሪካ ዘመድ የለውም፣ ረግጧትም አያውቅም፣ ግን በየዓመቱ ትናፍቀው ነበር። በቀጣዩ ጥቅምት ፎርሙን የሞላለት ያው ልጅ ነው። ፎቶው አልቀበል ብሎ ደግሞ እንዳነሳው ሰምቻለሁ።